ሁለቴ የተከፈለ ደረሰኝ፦ አይቲ ኦዲት፣ የማጭበርበር ምርመራ ወይስ ወጪ ማስመለስ?

ፊቴ የተከፈተው የክፍያ ዝርዝር ነው። ኤክሴል ላይ፣ ወደ 40 ሺህ ረድፍ። አንዱ ረድፍ ላይ ለአንድ የጽሕፈት መሣሪያ አቅራቢ 184,300 ብር ተከፍሏል። የደረሰኝ ቁጥር 00451፣ ቀን 05/07/2016። ብዙ ወረድ ስል እንደገና 184,300 ብር። የደረሰኝ ቁጥር 451፣ ቀን 14/03/2024። የአቅራቢው ስም በላቲን ፊደል ነው የተጻፈው። "ፀሐይ" የሚለው ስም አንዱ ላይ በ"ዋይ" ያልቃል፣ ሌላው ላይ በ"አይ"።

ሲስተሙ ያየው ሁለት አቅራቢ፣ ሁለት ደረሰኝ፣ ሁለት ቀን ነው። ምንም አላለም። መጋቢት 5 ቀን 2016 ግን በፈረንጆቹ ማርች 14 ቀን 2024 ነው። አንዱ ደረሰኝ ሁለቴ ተከፍሏል።

(ገንዘቡንና ቁጥሮቹን ትንሽ ቀይሬያቸዋለሁ። የቀን አቆጣጠሩ ጣጣ ግን እንዳለ ነው።)

"ኦዲትና ቴክኖሎጂ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፣ የቱ ይሻለኛል?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ከዚህ ረድፍ ነው የምጀምርለት። ምክንያቱም ከውጭ ሲታዩ ሦስቱም ሥራዎች አንድ ናቸው። ሦስቱም ይህንኑ ፋይል ይከፍታሉ፣ ይህንኑ ረድፍ ያገኛሉ። የሚለያዩት ካገኙት በኋላ ነው። አይቲ ኦዲተሩ "ሲስተሙ ይህን እንዴት አሳለፈው?" ብሎ ይጠይቃል። የማጭበርበር መርማሪው "ማን ነው ያደረገው? አውቆ ነው ተሳስቶ?" ይላል። ወጪ አስመላሹ ደግሞ "ስንት ነው? ሰውየውስ ይመልሰዋል?"

ረድፉን ስታነቡ መጀመሪያ ወደ አእምሯችሁ የመጣው ጥያቄ የቱ ነበር? እሱን ያዙት፤ ወደ በኋላ ይጠቅመናል።

አይቲ ኦዲት፦ ጥፋተኛው በሩ ነው

የሥራውን ጠባይ የሚያሳይ አንድ የተለመደ ፍተሻ ልንገራችሁ። የሰው ሀብት ክፍል የለቀቁ ሠራተኞችን ዝርዝር ይሰጣችኋል። አይቲ ክፍሉ ሲስተም ላይ ያሉ ተጠቃሚዎችን ዝርዝር ይሰጣችኋል። ሁለቱን ታመሳክራላችሁ። ጥቅምት ላይ የለቀቀ ሰው መጋቢት ላይም የይለፍ ቃሉ አልተዘጋም። የባሰው ደግሞ የካቲት ላይ በስሙ ተገብቷል።

እሱ ራሱ ነው የገባው ወይስ የቀድሞ ባልደረባው በስሙ? ይህን የሚመልስ ሌላ ሰው ነው። የእናንተ ሥራ በሩ ክፍት እንደነበረ በማስረጃ ማሳየት ነው። ሌላውም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ፕሮግራሙን የሚቀይረውና ቀይሮ ሥራ ላይ የሚያውለው አንድ ሰው ነው? አዲስ አቅራቢ የሚመዘግበው ሰው ክፍያም ያጸድቃል? መጠባበቂያ ቅጂው አለ ይባላል፤ ግን ተመልሶ እንደሚነሳ ማን ሞከረው?

ሥራው ይህን ያህል ተፈላጊ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሒሳባቸውን ያጭበረበሩ ሁለት ግዙፍ ኩባንያዎች፣ ኤንሮን እ.ኤ.አ. በ2001፣ ወርልድኮም በ2002 ሲወድቁ ሳርቤንስ ኦክስሊ የተባለው ሕግ ወጣ። የሕጉ አንቀጽ 404 አክሲዮናቸው ገበያ ላይ የሚሸጥ ኩባንያዎች የውስጥ ቁጥጥራቸው መሥራቱን በየዓመቱ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ቁጥጥሩ ያለው ሲስተም ውስጥ ነው። ስለዚህ ሲስተም ማንበብ የሚችል ኦዲተር ያስፈልጋል። አዲስ አበባም ነገሩ እዚያው እየደረሰ ነው። ባንኮቻችን ሁሉን ነገር ሞባይል ላይ አውጥተዋል፤ በ2017 የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል።

የታወቀው የምስክር ወረቀት ኢሳካ (ISACA) የተባለው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠው ሲሳ (CISA) ነው። 150 ጥያቄ፣ 4 ሰዓት፤ ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ይደርሳል፣ ማለፊያው 450። የ5 ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ትምህርት የተወሰነውን ይተካል። ፈተናውን ቀድሞ ወስዶ ልምዱን በኋላ ማሟላት ስለሚቻል ጀማሪ የሚያስፈራው ነገር የለም።

መጥፎ ጎኑ? ስክሪንሾት። ቀኑን ሙሉ ስክሪንሾት ትሰበስባላችሁ። አይቲዎቹ ኮሪደር ላይ ሲያዩዋችሁ መንገድ ይቀይራሉ። ሪፖርታችሁ ላይ ደግሞ "ባለፈው ዓመትም ተገልጾ ነበር" የሚል ዓረፍተ ነገር ደጋግማችሁ ትጽፋላችሁ። ይህ የሚያበሳጫችሁ ከሆነ ሌላውን እዩ። እንደኔ ግን ቤቱን ከቆለፈ በኋላ ተመልሶ በሩን የሚገፋ ዓይነት ሰው ከሆናችሁ ተስማምቷችኋል።

የማጭበርበር ምርመራ፦ መጨረሻው ሰው ነው

ብዙ ሰው የሚመኘው ይህን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሥራዎች አሉ። አንዱ ባንክ ወይም የክፍያ ድርጅት ውስጥ ማንቂያ የማጣራት ሥራ ነው። ሲስተሙ "ይህ ካርድ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ከተማ ላይ ተጠቅሟል" ብሎ ይጮሃል፣ እናንተ አይታችሁ ትዘጋላችሁ ወይም ታግዳላችሁ። በፈረቃ ነው፣ ሌሊትም አለበት። ከማንቂያዎቹ አብዛኞቹ ባዶ ጩኸት ናቸው። ሁለተኛው ምርመራ ነው። አንድ ጉዳይ ለሳምንታት ይዛችሁ ሰነድ ትቆፍራላችሁ፣ ሰው ታነጋግራላችሁ፣ አንዳንዴ ፍርድ ቤት ትቆማላችሁ። የሥራ ማስታወቂያው ላይ ሁለቱም "የማጭበርበር ባለሙያ" ነው የሚሉት። ከማመልከታችሁ በፊት የቱ እንደሆነ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ሌባን የሚይዘው ሶፍትዌር ነው ብለው የሚገቡ አሉ። የማጭበርበር መርማሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ከ138 አገሮች የተሰበሰቡ 1,921 ጉዳዮችን አጥንቷል። ከጉዳዮቹ 43 በመቶው የተጋለጡት በጥቆማ ነው። ከጠቋሚዎቹ ደግሞ ከግማሽ በላይ የራሱ የድርጅቱ ሠራተኞች ናቸው። ሻይ ቤት ውስጥ የሚወራውን መስማት የማይችል ሰው ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ቢያውቅም እዚህ ይቸገራል።

ዳታው አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። የቤንፎርድ ሕግ የሚባል አለ። በተፈጥሮ የሚመጡ ቁጥሮች ሲሰበሰቡ ከነሱ 30 በመቶ ያህሉ በ1 ይጀምራሉ፤ በ9 የሚጀምሩት 5 በመቶ አይሞሉም። ሰው ከጭንቅላቱ የሚፈጥረው ቁጥር ይህን አይከተልም። ደመወዝና የካርድ መሙያ ላይ ግን አትሞክሩት፣ ቁጥሮቹ አስቀድመው የተወሰኑ ናቸው። ከዚህ ቀላል የሆነው ፍተሻ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። አንድ ኃላፊ እስከ 50,000 ብር የማጽደቅ ሥልጣን ካለው፣ 49,800 እና 49,500 የሆኑ ክፍያዎችን ቁጠሩ። ከበዙ እዚያ ላይ ቁጭ በሉ።

ከዚያ ግን ሰው ይመጣል። የመጀመሪያ ቃለ መጠይቄን አልረሳውም። ያልመጣ ዕቃ መጣ ተብሎ ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ተቆርጧል፤ ፊርማው የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ ነው። ሌሊቱን ጥያቄዬን ሳሰማምር አደርኩ። ጠዋት ወረቀቱን ፊታቸው አደረግኩና "ጋሼ፣ ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?" አልኳቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ በሹራባቸው ጠረጉት፣ ረጅም ጊዜ አዩት።

"የኔ ነው ልጄ። ፈርም ሲሉኝ ፈረምኩ።"

ሌባ ብዬ የጻፍኳቸው ሰው ዕቃውን ዓይተውት አያውቁም ነበር። ያስፈረማቸው ሰው ሁለት ፎቅ በላይ ነበር የሚቀመጠው፤ እሱ ጋ ስንደርስ ወረቀቱ ላይ አንድም ቦታ ስሙ የለም። ከዚያ በኋላ ተጠርጣሪ ያልኩትን ሰው መጨረሻ ላይ ነው የማነጋግረው፣ ዙሪያውን ጨርሼ። መማሪያዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። እኔ ግን አልሰማሁም ነበር።

እዚህ አገር ደግሞ ሌላ ጫና አለ። የምትመረምሩት ሰው የመሥሪያ ቤቱ እቁብ ሰብሳቢ ሊሆን ይችላል። ልቅሶ ላይ አብራችሁ ተቀምጣችኋል። ጉዳዩ ካለቀ በኋላም ካፍቴሪያ ትገናኛላችሁ። ይህን የማይችል ሰው ብዙ ነው፤ ነውርም የለበትም።

የምስክር ወረቀቱ ሲኤፍኢ (CFE) ይባላል፤ የሚሰጠው ቅድም ያነሳሁት የመርማሪዎች ማኅበር ነው። የሚፈትነው የሒሳብ ዝውውርና የማጭበርበር ዘዴዎችን፣ ሕግን፣ ምርመራንና መከላከልን ነው። ትምህርትና ልምድ በነጥብ ተቆጥሮ ነው የሚያስፈትነው። (ስለ ምስክር ወረቀት ካነሳን፣ የውስጥ ኦዲተሮች ፈተና ምሕጻሩ ሲአይኤ ነው። እናቴ "ሲአይኤ ልፈተን ነው" ስላት ለሁለት ቀን አላናገረችኝም።)

ወጪ ማስመለስ፦ ማንም የማይነግራችሁ በር

ሦስተኛውን ብዙ አማርኛ አንባቢ ሰምቶት አያውቅም። ሐሳቡ ቀላል ነው። ትልልቅ ድርጅቶች በብዙ ሺህ ደረሰኝ ውስጥ በስህተት ገንዘብ ያፈሳሉ። አንድ ሌላ ድርጅት ይመጣና "ያለፉትን ዓመታት ክፍያችሁን ልፈትሽ፤ ካስመለስኩ ከመለስኩት ላይ በመቶኛ ትከፍሉኛላችሁ፣ ካላገኘሁ ምንም" ይላል። በአሜሪካ ይህ አሥርት ዓመታት ያስቆጠረ ንግድ ነው። አትላንታ የሚገኘው ፒአርጂኤክስ ከቀደምቶቹና ከትልልቆቹ አንዱ ነው።

ሁለቴ የተከፈለ ደረሰኝ ማግኘት የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። የሚጣፍጠው ውል ማንበቡ ነው። አቅራቢው ለሱፐርማርኬቱ "በዓመት ይህን ያህል ካርቶን ከገዛችሁኝ 3 በመቶ እመልሳለሁ" ብሎ ፈርሟል። ውሉ ግዥ ክፍል ፋይል ውስጥ ነው፣ ክፍያው ሒሳብ ክፍል ነው የሚሠራው። ሁለቱ ክፍሎች አይነጋገሩም። 3 በመቶው ለዓመታት ሳይጠየቅ ይቀራል። አንድ ሌላ ዘዴም አለ፤ ለአቅራቢዎች ሁሉ "የኛን የሒሳብ መግለጫ ላኩልን" ብሎ መጻፍ ነው። ከሚመጡት መግለጫዎች ውስጥ ድርጅቱ ያልተጠቀመበት ተመላሽ ሒሳብ ቁጭ ብሎ ይገኛል። አቅራቢው አልዋሸም። የጠየቀው አልነበረም።

መንግሥትም ይጠቀምበታል። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ የአረጋውያን የጤና መድን እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2008 በዚህ መንገድ ሙከራ አድርጎ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወደ ካዝናው መልሷል። ወደ 38 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ ያነሰ ለተከፈላቸው ሐኪም ቤቶች ተመልሷል። ይህቺን ሁለተኛዋን ቁጥር እወዳታለሁ፤ ስህተት ወደ አንድ ወገን ብቻ አያደላም።

አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ስም የቆመ ሰፊ ንግድ የለም። ሥራው ግን አለ፣ የውስጥ ኦዲት ክፍል ውስጥ በሌላ ስም ተኝቷል። ያልተወራረደ ሒሳብ ስንል፣ ተሰብሳቢ ስንል ይህንኑ ነው። የዋና ኦዲተር ዓመታዊ ሪፖርት ለምክር ቤት ሲቀርብ የምንሰማው ቃል ነው። ኮንትራክተሩ ቅድመ ክፍያ ወስዷል። ከየክፍያ ሰርተፊኬቱ ላይ እየተቀነሰ መመለስ ነበረበት። አራተኛው ሰርተፊኬት ላይ ባለሙያው ተቀየረ፣ አዲሱ መቀነሱን አላወቀም። ይህን የሚያገኝና ደብዳቤ ጽፎ ገንዘቡን የሚያመጣ ሰው ደመወዙን በደንብ ይከፍላል።

ጠባይ ላይ እንምጣ። ይሉኝታ የሚያጠቃው ሰው ይህን ሥራ አይችልም። ቀኑን ሙሉ ለሰው ስልክ ደውላችሁ "ያለብህን መልስ" ነው የምትሉት፣ በጨዋነት፣ በወረቀት፣ ደንበኝነቱ ሳይበላሽ። የራሳችሁ ሒሳብ ክፍልም አይወዳችሁም፤ እናንተ የምታገኙት ሁሉ የነሱ ስህተት ነው። በመቶኛ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ገቢያችሁ ከፍና ዝቅ ይላል። እንዲሁም ሶፍትዌሩ እየጎበዘ ነው። 00451 እና 451 አንድ መሆናቸውን ከክፍያ በፊት የሚይዝ ፕሮግራም አሁን ብርቅ አይደለም። ውል አንብቦ ከአቅራቢ ጋር የሚከራከር ሰው ግን ገና ተፈላጊ ነው። ወደዚህ የምትገቡ ከሆነ በዚያ በኩል ግቡ።

አንድ ሌሊት፣ ሦስቱም

ሦስቱን አንድ ላይ ማየት ከፈለጋችሁ መጋቢት 6 ቀን 2016 ለሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን አስታውሱ። በሲስተም ችግር ሰዎች ካላቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዶርሙ ተዳረሰ፣ ኤቲኤሞች ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ወጥቷል። የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነም ተናግሯል።

ያኔ አይቲ ኦዲተር የሚጠይቀው ግልጽ ነው፤ ቀሪ ሒሳብን የሚያየው ቁጥጥር ለምን ዝም አለ? መርማሪ የሚጠይቀው ይከብዳል። ስልኩ ላይ ገንዘብ ሲወጣለት ደግሞ የሞከረ ተማሪ እና አውቆ ለአምስት ሰው ያከፋፈለ ሰው አንድ ናቸው? ከሁሉ የከበደው ሸክም ግን የወደቀው ማስመለሱ ላይ ነበር። ባንኩ የመለሰ አይጠየቅም አለ፤ ያልመለሱትን ደግሞ ስምና ፎቶ ለጠፈ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። ቅድም ይሉኝታ ለአስመላሽ እንቅፋት ነው ብያለሁ፤ እዚህ ላይ ደግሞ ለባንኩ ሠራለት።

እንግዲህ የቱ?

አዲስ አበባ ላላችሁና ለምትጀምሩ፣ እኔ ብሆን አይቲ ኦዲት እገባለሁ። ቦታው አለ፣ ባንክ ውስጥ የምትማሩት ሲስተም የትም ይሠራል፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ መሻገር አያስቸግርም። ከማጭበርበር ምርመራ መጀመር ግን አልመክርም። ጤናማ ክፍያ ምን እንደሚመስል ሳታውቁ የታመመውን አትለዩትም።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ላላችሁ ሌላ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ዲግሪ ይዞ ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ) ለመሆን የክሬዲት ሰዓት ቆጠራው ብዙዎቻችሁን አድክሟል። ሲሳና ሲኤፍኢ እንደዚያ ክሬዲት አይቆጥሩም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የሒሳብ ባለሙያዎችና ኦዲተሮች ዓመታዊ ደመወዝ በአሜሪካ መሐሉ 81,680 ዶላር ነበር፤ ግማሹ ሰው ከዚያ በላይ፣ ግማሹ በታች። የፌዴራል መንግሥቱ ያላግባብ የከፈለው ደግሞ ለ2024 የበጀት ዓመት 162 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ተገምቷል፤ ስለዚህ የሚፈለግ ነገር አይጠፋም። ዜግነት ገና ያልወሰዳችሁ ከሆነ አብዛኛው የፌዴራል ቅጥር ስለሚዘጋባችሁ፣ የግል ድርጅቶች ክፍያ ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ወደ ማስመለስ ሥራ መዞር አለ። ደረሰኝ አስገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ስህተቱ የት እንደሚገባ ታውቁታላችሁ።

የቱንም ብትመርጡ ኤክሴልና ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ ዳታ ማውጫ ቋንቋ) ቅድሚያ ናቸው። የወርልድኮምን ጉድ ያወጣችው ሲንቲያ ኩፐር የውስጥ ኦዲት ኃላፊ ነበረች፤ መርማሪ የሚል ማዕረግ አልነበራትም። ቡድኗ ሌሊት ሌሊት እየሠራ ነው መዝገቡን የቆፈረው፣ ከሒሳብ ሲስተሙ ዳታውን መጎተት የሚችል ጂን ሞርስ የሚባል ባልደረባ ስለነበራት። የተጭበረበረው ሒሳብ በሰኔ 2002 እ.ኤ.አ. 3.8 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ተነገረ፤ በኋላ ወደ 11 ቢሊዮን ደረሰ።

ራሳችሁን ለመሞከር ፈተና መክፈል አያስፈልግም። የምትሠሩበት ቦታ ከተፈቀደላችሁ የአንድ ዓመት የክፍያ ዝርዝር ውሰዱ። ከደረሰኝ ቁጥሮቹ ላይ የፊት ዜሮና ሰረዝ አውጡ። በስም ሳይሆን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አዛምዱ። ቀኖቹን ሁሉ ወደ አንድ አቆጣጠር መልሱ። ከዚያ ተመሳሳይ ገንዘብ ፈልጉ። አንድ ነገር ስታገኙ መጀመሪያ ማን ጋ መደወል እንደፈለጋችሁ ልብ በሉ፤ አይቲ ክፍል፣ አለቃችሁ ወይስ አቅራቢው?

እኔ ያኔ የደወልኩት ለአቅራቢው ነበር። ወይዘሮ ናቸው። ራሴን አስተዋውቄ ስለ ደረሰኝ ቁጥር 451 መናገር ስጀምር አቋረጡኝ።

"ሁለቴ የከፈላችሁኝን ነው? እኔማ መቼ ትጠይቁኝ ይሆን እያልኩ ለብቻው ጽፌ አስቀምጬዋለሁ።"